የቆጡ ሙሽራ

የዳቦ ጋሪው የጦር ሰፈሩን ዳገት እየተንገጫገጨ ይወጣል። ታላቂቱ ከኋላው ጎንበስ ብላ በደረቷ ትገፋለች፤ በአንድ እጇ መያዣውን፣ በሌላው ዳቦው ላይ የተጣለውን ሸራ ጨብጣለች፤ ነፋሱ ዛሬ ቀማኛ ሆኗል። ዳገቱ ወገብ ላይ በበቅሎ የሚጎተት የጥይት ሠረገላ መንገዱን ዘግቶ ቆሞ ነበርና፣ «ኧረ ወዲያ በልልኝ! ዳቦው በረደ እኮ!» ብላ ጮኸች።

ባለበቅሎው ዞር ብሎ አያትና ፈገግ አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ከበቅሎዬ ትበረቻለሽ። እንለዋወጥ?»

«በቅሎህ ሊጥ ማቡካት ከቻለች ተስማምቻለሁ» አለችና በጎን አልፋው ሄደች።

በመንደሩ ስሟን የሚጠራ አልነበረም። ዳቦ ቤቱ የአማቷ ነው። አማቷን ትልቅ ትንሹ «እትዬ ምድጃ» ይላቸዋል፤ እሳት ፊት ሲኖሩ እሳቱን የመሰሉ፣ ሲቆጡ የሚያቃጥሉ፣ ሲስቁ ቤት የሚያሞቁ ሴት ናቸው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። የበኩሩ ሚስት ታላቂቱ ተባለች፣ የታናሹ ሚስት ታናሺቱ፤ በዚያው ጸና። ጦርነቱ ሲነሣ ወንድማማቾቹ በአንድ ቀን ተመልምለው በአንድ ሻምበል ሥር ዘመቱ። ታናሹ የሠርጉ ልብስ ገና ሳይታጠብ ስለሄደ መንደሩ «ሙሽራው» እንዳለው ቀረ። ታላቁ ብዙም ሳይቆይ አስር አለቃ ሆነ የሚል ወሬ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ታላቂቱ የአስር አለቃ ሚስት ናት።

የስንብቱ ዕለት ግን ከዓይኗ አልጠፋም። ሙሽራው ሚስቱን አንገቷን አቅፎ አልለቅም ብሎ፣ ከሰልፉ እየወጣ እየተመለሰ፣ በመጨረሻ ሃምሳ አለቃው በዱላ ጫፍ እየገፋ ነው የወሰደው። የእሷ ባል ገምባሌውን ጠበቅ አድርጎ አሰረና፣ «የጋሪው መንኮራኩር ላልቷል፤ ሳይወልቅ አስጠግኚው» አላት። ይኸው ነው። አስጠገነችው። ጋሪውን በገፋች ቁጥር ግን የምታየው መንኮራኩሩን ሳይሆን ያቺን የታቀፈች አንገት ነበር።

በር ላይ ዘበኞቹ የነሐስ ቁልፋቸውን እየወለወሉ ጠበቋት።

«እንደምን አደርሽ የአስር አለቃ ሚስት!» አለ አንደኛው። «ያ እቤታችሁ የተጣደው ሌላው ዳቦ መቼ ነው የሚወጣው?»

ባልንጀራው በሳቅ ፈረሰ። ታላቂቱ ጋሪዋን ገፍታ አለፈች። ነገሩ ስለ ታናሺቱ ሆድ መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም። ባሏ ከዘመተ ዓመት አልፎታል፤ ሆዷ ግን ቀሚሷን ገፍቶ መንገድ ላይ ቀድሟት ይሄዳል። መንደሩ አፉን ከፈተ። አንዱ የወፍጮ ቤቱ ሰው ነው ሲል፣ ሌላው ዱቄት የሚያመላልሰው ባለጋሪ ነው አለ። ታናሺቱ ትንፍሽ አላለችም። ከሁሉ የሚገርመው የእትዬ ምድጃ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ተሸካሚ ጠቀሰች ብለው ገረዳቸውን በዕለቱ ያባረሩ ሴት፣ ምራታቸውን ማባረሩ ቀርቶ የወተቱን ስልባቦት ለእሷ ያስቀምጡላት ጀመር።

ታላቂቱን የሚያበግናት ይኼ ነበር። በትዳር ይህን ያህል ዘመን ኖራ ልጅ አላገኘችም። ስሟን እንደ ዓይኗ ብሌን ጠብቃለች። ለጨዋይቱ ጋሪ፣ ለባለጌይቱ ስልባቦት! ሰው እንዳይሰማት ዝም ትላለች እንጂ ሊጡን ስትደበድብ የምትደበድበው ሊጡን አልነበረም።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ ዳቦውን የሚረከበው ሰው ተለውጧል። አዲሱ ወታደር የላይ ከንፈሩ ለሁለት ተሰንጥቆ የተሰፋ ነው፤ ጥሩምባ ነፊ ነበር፤ በዚህ ከንፈር ጥሩምባ ስለማይነፋ ነው ዳቦ መረከብ ላይ ያስቀመጡኝ ብሎ ቀለደላት። ቅርጫቱን እየተቀባበሉ ሳለ ከየትኛው ጦር እንደመጣ ጠየቀችው። ሲነግራት ቅርጫቱ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«የባሌ ጦር እኮ ነው! ታውቀዋለህ? አስር አለቃ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ዝምተኛ…»

«ጋጋሪው?» አለ ጥሩምባ ነፊው። ዓይኑን ወደ ዳቦው መለሰ። «እህቴ፣ አስር አለቃ አትበዪው። የሚያውቅ ሰው ይስቅብሻል።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ማዕረጉን በሰልፍ ፊት ነው የገፈፉት። ጥሩምባውን የነፋሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ከንፈር ነበረኝ። እሱስ ምንም አላጠፋም። ወንድሙ ኮበለለ። ሲመለመሉ ዋሱ እሱ ነበር፤ ሕጉ ደግሞ ኮብላይ እስኪገኝ ዋሱ ቁፋሮ ጓድ ይግባ ይላል።»

«ቁፋሮ ጓድ ምንድን ነው?»

«ጠመንጃ የለም፤ አካፋ ብቻ። ከጦሩ ሁሉ ፊት ቀድመው፣ ጠላት ዓይን ሥር ምሽግ ይቆፍራሉ። እኔ ስመጣ በሕይወት ነበር፤ በልጅሽ ልማልልሽ።»

«ልጅ የለኝም» አለች ታላቂቱ። «ወንድሙ መቼ ነው የኮበለለው?»

«ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነዋ።»

ባዶውን ጋሪ ይዛ ቁልቁለቱን ስትወርድ ጋሪው እየጎተታት ይሁን እሷ እየያዘችው አታውቅም። ከዝናቡ በፊት! ነገሩ ሁሉ እንደ ተቆጠረ ዶቃ ተሰካላት። ከዝናቡ በፊት ነው ዳቦ ከመደርደሪያው መጉደል የጀመረው፤ እትዬ ምድጃ «አይጥ ነው» ብለው ነበር። ከዝናቡ በፊት ነው አልጋቸውን ወደ ዱቄት ቤቱ አዙረው ከቆጡ ሥር ያደረጉት፤ «ወገቤን ሙቀት ይሻለኛል» ብለው። መሰላሉ ከግድግዳው የተነሣውም፣ ታናሺቱ ሊጥ ስታቦካ ማንጎራጎር የጀመረችውም ያኔ ነው። አይጡ እንግዲህ ጢም ነበረው።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ በተሰኘ ነበር። ምራትዬዋ ባለጌ አይደለችም፣ ቤቱ አልተዋረደም ብሎ እፎይ ባለ ነበር። ታላቂቱ ግን የተሰማት ሌላ ነው፤ ከእግሯ ጥፍር እስከ ራስ ፀጉሯ ነደደች። ባል ነበራት! እኔ ቀዝቃዛ ግድግዳ አቅፌ ስተኛ እሷ መሰላል ትወጣ ነበር። የኔ ሰውዬ ለዚያ መሰላል ዋጋ ጉድጓድ እየቆፈረ፣ እሷ በሽርሽር አረገዘች!

መንገዱ እጥፋት ላይ የድሮው የጨው መጋዘን አለ። አሁን የኮብላይ አዳኞች ጣቢያ ሆኗል፤ አለቃቸው ቀጭን ጢም ያለው ሃምሳ አለቃ ነው፤ መንደሩ «ድመቱ» ይለዋል። አዋጅ ነጋሪው ደጁ ላይ ቆሞ የየሳምንቱን አዋጅ ይጮኻል፦ ኮብላይ ያስጠጋ ቤት ይታሸጋል፣ ሰዎቹም ይታሰራሉ፤ በገዛ እጁ ያቀረበ ቤት ግን ምሕረት አለው። ታላቂቱ ጋሪዋን አቆመች። ድመቱ በመስኮት አሻግሮ አያት። ልቧ ግቢ ግቢ አላት። ከዚያ፣ በዓይኔ ሳላይማ አይሆንም አለችና አለፈች።

እቤት ስትደርስ ምድጃው ሁለተኛውን ዙር እየጋገረ ነው። እትዬ ምድጃ ረጅሙን የእንጨት አካፋ ይዘው፣ ፊታቸው በወበቅ ቀልቶ፣ የበሰለውን እየሳቡ ያወጣሉ። ታናሺቱ የሊጡ ገንዳ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታድበለብላለች። ታላቂቱ ማንንም ሰላም ሳትል በቀጥታ ወደ ዱቄት ቤቱ ሄደች።

«ወዴት ነሽ?» አሉ እትዬ ምድጃ።

«አይጡን ልይ ብዬ ነው።»

አካፋው በአየር ላይ ቀረ። ታናሺቱ ብድግ ልትል ብላ ሆዷ ከለከላት። አማትየዋ ግን እንደ ዕድሜያቸው አልነበሩም፤ ዘለው በሩ ላይ ቆሙ።

«አሳልፊኝ» አለች ታላቂቱ። እስከዛሬ «እርስዎ» ስትላቸው ኖራ አሁን ገና «አንቺ» አለቻቸው፤ ሦስቱም ሰሙት። «ሁለት ልጅ ነው የወለድሽው። አንዱን ቆጥ ላይ ሰቅለሽ ስልባቦት ታበያለሽ፣ አንዱን በቁሙ ቀብረሽዋል። አስር አለቃ ልጄ እያልሽ ለሰፈሩ ታወሪያለሽ አይደል? ማዕረጉን ገፈውታል! በዚህ ምክንያት! ወንድሙ እስኪገኝ ጠላት ፊት አካፋ ይዞ ይቆፍራል!»

እትዬ ምድጃ ወደ ኋላ ሄደው የዱቄት ከረጢት ላይ ዘፍ አሉ። አለማወቃቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር፤ በአንዴ አረጁ።

«ማን ነገረሽ?» አሉ።

«ጥሩምባውን የነፋው ሰው።»

«ሁለቱም ከዚህ ነው የወጡት» አሉ ሆዳቸውን እየዳበሱ። «በሞቴ፣ ምረጪ አትበዪኝ። ሌላ የፈለግሽውን በዪኝ፤ ምረጪ አትበዪኝ።»

ታላቂቱ መሰላሉን ከከረጢቶቹ ኋላ ስባ አቆመችና ወጣች።

ቆጡ ከምድጃው በላይ ስለሆነ እንደ ዳቦ ያበስላል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ቀጥ ብሎ አይቆምበትም። ሙሽራው ጥጉ ላይ እግሩን አጥፎ ተቀምጧል። ፀሐይ ካየ መክረሙን መልኩ ይናገራል፤ ያልተጋገረ ሊጥ መስሏል። መርፌና ክር ይዞ ከዱቄት ከረጢት ጨርቅ የሕፃን መጠቅለያ ይሰፋ ነበር። ታላቂቱ ጨርቁን አየች። ጠርዙ በጥንቃቄ ታጥፎ፣ የሕፃን ገላ እንዳይፍቅ በውስጥ በኩል በለስላሳ ሻሽ ተለብጧል። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲሰፋ አይታ አታውቅም።

«እትዬ» አላት። «ሰምቻለሁ። እውነት ነው?»

«ውሸት ይመስላል?»

«ምንም አያደርጉኝም ብሎኝ ነበር እኮ!»

«ማን?»

«ጋሼ ነዋ! የዚያን ዕለት የጥበቃው አለቃ እሱ ነበር። ራሱ ነው ‹ተነሥና ሂድ› ያለኝ። ሽቦውን በእጁ አንሥቶ ያሳለፈኝ እሱ ነው።»

ታላቂቱ የመሰላሉን ጫፍ ጨበጠች። ባሏ ተበድሎ እንጂ ፈቅዶ አልመሰላትም ነበር።

«ስለዚህ መንገዱ ክፍት ነበር» አለች በቀስታ። «አንተን የሚያህል ሰው ያሳለፈ ሽቦ እሱንም ያሳልፈው ነበር። ለምን አልመጣም?»

ሙሽራው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ።

«ንገረኝ።»

«ተዪው እትዬ።»

«ንገረኝ አልኩህ!»

«አብረን እንሂድ ብዬ ለምኜው ነበር» አለ ዓይኗን ሳያይ። «‹እኔን እቤት የሚጠብቀኝ ሥራ ነው፤ አንተን የሚጠብቅህ ሰው ነው› አለኝ።»

በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር። ጎህ ሲቀድ የምትነሣው፣ ምድጃውን የምትጠርገው፣ ዳገቱን የምትወጣው፣ ሲመለስ ቤቱን ሞልቶ ያግኘው ብላ ነበር። ያ ሁሉ እንደ መውደድ ሳይቆጠርላት ቀርቶ እንደ ሥራ ተቆጥሮባታል። ሰው አልሆነችም፤ ጋሪ ሆናለች።

«እንግዲያው ተነሥ» አለች። «ሂድና ቦታህን ያዝ። ወንድምህ ይመለስ።»

ሙሽራው መሰላሉን አየ። ግን አልተነሣም። «ትውለድልኝና» አለ። «ልጁን ብቻ ልየውና፣ እምልልሻለሁ፣ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«እስከዚያ እሱ ይቆፍር?»

አንገቱን ደፋ። ታላቂቱ ወረደች። እትዬ ምድጃን ሳታይ፣ ሻሿን ከምስማሩ አውርዳ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ መንገድ ወጣች፤ ወደ ጨው መጋዘኑ።

ብዙ ሳትሄድ ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ታናሺቱ ናት፤ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ እያለከለከች ደረሰችባት። ታላቂቱ ልመና ጠበቀች፤ እግሬ ላይ ትወድቃለች ብላ ልቧን አደነደነች።

«አልይዝሽም» አለች ታናሺቱ። «እኔ ብሆን የሰማሁ ዕለት ነበር የምሄደው። ለባሌ ሲሆን ያንቺን ባል አልምረውም ነበር። ብቻ ቀስ በዪ፣ አብሬሽ ልሂድ። ሲይዙት ብቻውን እንዳይሆን።»

ታላቂቱ ጠላቷን ፈልጋ ዞረች፤ ያገኘችው ግን የደከማት ልጅ ነች።

ከዳቦ ቤቱ ትይዩ አጣቢዋ ትኖራለች፤ የወታደር ልብስ የምታጥብ፣ ባሏ በመጀመሪያው ውጊያ የቀረባት ሴት። የታናሺቱን ሆድ ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ዛሬ መንገድ መሃል ስታገኛት አልቻለችም። የሳሙና ውኃ የሞላውን ገበቴ አንሥታ እግሯ ላይ ደፋችባት።

«እዚህም መጣሽ? ማፈሪያ! የሰው ባል ደሙን እያፈሰሰ አንቺ እዚህ ሆድሽን ትነፊያለሽ! ባልሽ ቢሞት ይሻለዋል፤ እንዲህ ያለ ጉድ ከሚያይ የኔ ባል የሞተው ሞት ይሻለዋል!»

መንደሩ ከየደጁ ወጣ። ታናሺቱ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በስብሶ ቆመች። አንዲት ቃል ብትናገር ስሟ በፀዳ ነበር፤ ያቺን ቃል ግን ከምላሷ ሥር ደብቃ መሬት መሬቱን አየች። ታላቂቱ አጠገቧ ቆማ ይህን አየችና፣ አሳዘነችኝ ብትል ውሸት ነው፤ ቀናችባት። እንዲህ የሚሰደቡለት ሰው ማግኘት ምንኛ መታደል ነው አለች በልቧ። እኔን የሚያሰድበኝ እንኳ የለም።

ያኔ የዳቦ ቤቱ በር ተከፈተ።

ሙሽራው ደጃፉ ላይ ቆመ። ብርሃኑ ዓይኑን ስለወጋው እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ፀጉሩም ጢሙም ዱቄት ለብሷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ሙት ተነሣ ሊል ይችላል፤ አንዲት አሮጊትም ብላለች። እግሩ መራመድ ረስቶ ነበርና እየተወላገደ መንገዱን አቋርጦ ከሚስቱ ፊት ቆመ።

«እኔን ስደቢኝ» አላት አጣቢዋን። «ልጁ የኔ ነው። ከዝናቡ በፊት ጀምሮ እዚሁ ቆጥ ላይ ነበርኩ። እሷ ከኔ ሌላ ሰው አታውቅም።»

ገበቴው ከአጣቢዋ እጅ ወደቀ። «አንተ?» አለች። «እዚህ ነበርክ? የኔ ባል እዚያ አፈር ሲበላ፣ አንተ እዚህ ዳቦ ትበላ ነበር?» ከዚያ ስድቡ አለቀባትና መንገዱ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ታናሺቱ የባሏን ዱቄታም እጅ ይዛ፣ «ለምን ወረድክ? ለምን ወረድክ?» ትለዋለች። ታላቂቱ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታስበው። ወንድሙ ጉድጓድ ውስጥ መሆኑን ሲሰማ ከቆጥ አልወረደም፤ ሚስቱን ባለጌ ሲሏት ወረደ። ለወንድሙ ያልተነቃነቀ ለሚስቱ ፀሐይ ላይ ወጣ። የሰው ልጅ ለሰው ልጅ እንዲህም ይሆናል ማለት ነው።

ጩኸቱ ድመቱን ከመጋዘኑ አወጣው። ሁለት ወታደር አስከትሎ፣ ጢሙን በጣቱ እየጠቀለለ መጣ። ሙሽራው እጁን ለገመድ ዘረጋ።

«ከቤቱ ማን ነው ያቀረበህ?» ሲል ጠየቀ ድመቱ። «ካቀረባችሁ ምሕረት ነው፤ ካልሆነ በሩን አሽገን አሮጊቷንም እነዚህንም ይዘን እንሄዳለን።»

ሙሽራው በሩ ላይ የቆሙትን እናቱን አየ። ሚስቱን አየ። ከዚያ ዓይኑ ታላቂቱ ላይ አረፈ፤ ሻሿን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ፊቷን ወደ መጋዘኑ አዙራ ቆማለች። ወዴት ስትሄድ እንደነበር ከሱ በቀር ማን ያውቃል?

«እሷ ናት» አለ። «የወንድሜ ሚስት ናት ያቀረበችኝ።»

«እውነት ነው?»

ታላቂቱ አይደለም ብትል ሦስቱም ይታሰራሉ። «እውነት ነው» አለች። በልቧ አቅርባው ስለነበር ውሸት አልሆነባትም።

መንደሩ ሰማ። በአንድ ከሰዓት ፊቱን አዞረ። ትናንት ታናሺቱን ሲያይ ምራቁን የሚተፋው ሁሉ ዛሬ ሆዷን እየሳመ ይቅርታ ይጠይቃታል። «ይህቺን ወርቅ!» ይላል፤ «ባሏን ላለማስያዝ ስንት ስድብ ጠጣች!» ታላቂቱ ደግሞ ጠቋሚዋ ሆነች። ደንበኞች ዳቦውን ከእሷ እጅ አንቀበልም፣ ታናሺቱ ትስጠን ይላሉ። ጋሪዋን ስትገፋ የሚቀልድባት ዘበኛ ጠፋ፤ ቀልዱ ናፈቃት። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ስትል ሰማች፤ ሁለቱም ተሳሳቁ። ተረቱ ለሷ ሲባል የተተረተ ይመስል ነበር።

ታናሺቱ ምንም አላወራችም። ያ መንገድ ላይ ያወሩት በሁለቱ መካከል ቀረ። ምጧ ሲመጣም የጨበጠችው የታላቂቱን እጅ ነበር፤ ጥፍሯ ሥጋ እስኪገባ። ሴት ልጅ ተወለደች። ታላቂቱ በዚያ በከረጢት መጠቅለያ ጠቅልላ አቀበለቻት፤ ስታቀብል እጇ ትንሽ ዘገየ።

የሚቀጥለው ክረምት ዝናብ ሲያባራ ባሏ መጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ በጥይት ሠረገላ ጫፍ ላይ ተቀምጦ። ግራ እጁ ከትከሻው ላይ ያለ ሥራ ተንጠልጥላለች፤ ለዚያ ነው የለቀቁት። ማዕረጉን አልመለሱለትም። እናቱ ሊያቅፉት ሲሮጡ ከፊቱ ያነበቡት ነገር እግራቸውን ያዘው።

«ወንድምህስ?» አሉት።

አልመለሰም። ዝምታው ለመልስ በቃ። እትዬ ምድጃ የምድጃውን በር ከፍተው እሳቱን ማየት ጀመሩ፤ ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልተነሡም። ታናሺቱ ልጇን አቅፋ ጓዳ ገባች፤ ማንም አልተከተላትም። ድምጿ ግን እስከ መንገድ ይሰማ ነበር፤ አጣቢዋ ሰምታ መጥታ ሳትጠራ አጠገቧ ተቀመጠች።

ከቀናት በኋላ፣ ልቅሶው ረገብ ሲል፣ ባልና ሚስቱ በጓሮ በኩል የማገዶው ክምር ላይ ተቀመጡ።

«አካፋውን ከእጄ ነው የተቀበለኝ» አለ ባሏ። «ሲያመጡት እኔን ወደ ጦሩ መለሱኝ። ብዙም አልቆየ። መድፉ ሲወድቅ አፈሩ ከላዩ ተናደ። በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት፤ ይቺን ክንዴን ያጣኋት ያኔ ነው። ቆይቶ ደግሞ እዚያው መለስኩት።» ከክምሩ አንድ ፍልጥ አንሥቶ አገላበጠ። «አንቺ ነሽ የጠቆምሽው ይላሉ።»

«ቤቱን ሊያድን ነው እንዲያ ያለው» አለች ታላቂቱ። ለመዳን ይህ ይበቃት ነበር። ግን ሳትፈልገው ቀጠለች፦ «ቢሆንም አልዋሸም። ልጠቁመው እየሄድኩ ነበር።»

«እኔን ልታስለቅቂ።»

የተከፈተ በር ነበር፤ አጎንብሳ ብትገባበት ማንም አይጠይቃትም። «እንዲያ ቢሆን ደስ ባለኝ» አለች። «የሄድኩት ቀንቼ ነው። በሷ ቀንቼ። በሆዷ፣ በመሰላሉ፣ በሰፋላት ጨርቅ ሁሉ። ምን ብለህ እንደላክኸውም ነግሮኛል።»

ባሏ ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

«ሰው ሁሉ ለወንድሙ ሲል ማዕረጉን ሰጠ ይለኛል። ሻምበሉ ራሱ፣ እየቀጣኝ፣ በልቡ አክብሮኛል። ወንድሜ ማታ ማታ አጠገቤ ተኝቶ ስለ ሚስቱ ያወራኝ ነበር። እንዴት እንደምትስቅ፣ ፀጉሯን ስትፈታ ምን እንደምትል፣ ስታኮርፍ እንዴት እንደሚያስቃት። ሁልጊዜ። አንድ ቀን ‹አንተስ ጋሼ፣ ስለ እትዬ ምን ትዝ ይልሃል?› አለኝ። ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ጠይቄሽ አላውቅማ። ሰምቼሽ አላውቅም። እዚያ ምሽግ ውስጥ ሆኜ ተናደድኩበት። ለእሱ አይደለም ያሳለፍኩት። ድምፁን ላለመስማት ነው። በገዛ ወንድሜ ቀንቼ ነው።»

ነፋስ ከምድጃው ጭስ ማውጫ ጭሱን ወደ እነሱ መለሰው። ማንኛቸውም ዓይናቸውን አልጠረጉም።

«እሱ ጎበዝ ነበር» አለች ታላቂቱ። «እኛ ግን ቀንተን ቀንተን ወንድምህን በላነው።»

ባሏ አላስተባበለም። ራሱን ነቀነቀ፤ እሷም የሚነቀነቅ ራስ አጠገቧ በመኖሩ ብቻ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ቤት ውስጥ እንዳለች ተሰማት። ደስታ አልነበረም። የሁለት ሰው ሸክም ነበር፤ ግን የሁለት ሰው።

«እትዬ!» አለች ታናሺቱ ከውስጥ። ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ በጓሮ በር ብቅ አለች። ዓይኗ አብጧል፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው። ምን ሲያወሩ እንደነበር ሰምታም እንደሆነ ሳትሰማም እንደሆነ ከፊቷ አይነበብም ነበር። «ሊጡ ገንዳውን ሞልቶ ሊፈስ ነው። ብቻዬን አልችለውም።»

ታላቂቱ ልትነሣ ስትል ባሏ ቀድሟት ተነሣና ደህነኛውን እጁን ዘረጋላት። እጁን አየችው። የሰው እጅ ይዛ ተነሥታ አታውቅምና እንዴት እንደሚያዝ ቸገራት። ያዘችው። ከዚያ ሦስቱም ወደ ሊጡ ገቡ።